ከራሔል ሻርፕ ላይ የተነሳ ብናኝ

ሰኔ 6፣ 2015 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ፣ ከሰዓት

የ9ኛ «ለ» ፈተና እርማት። አሁንም አላለቀም። ት/ቤት ግቢ ካለው ዛፍ ሥር ነኝ። የመምህራን ክፍሉ ቆርቆሮ ይፋጃል፤ እዚህ ጥላ አለ፣ ነፋስ አለ፣ ስለ ደረጃ ዕድገት የሚያደርቀኝ ሰው የለም። ቀዩ አበባ እየደጋገመ ወረቀቱ ላይ ይወድቃል። አራግፌ እቀጥላለሁ። አንዱ ተማሪ ፎቶሲንተሲስን በፀሐይ ፎቶ መነሳት አድርጎታል። ግማሽ ማርክ ሰጠሁት፣ ለድፍረቱ።

ራሔል ዛሬም መስክ ናት። ከዶ/ር ፈርሃን ጋር። በሱ ፒክአፕ።

አንተ አዲስ ደብተር ስለሆንክ አታውቅም፤ አሮጌው ያውቅ ነበር። ራሔል፣ ራ. የምላት፣ ሚስቴ ናት። ዩኒቨርሲቲ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነበረች፤ አሁን እዚያው ማስተርሷን ትማራለች። ሥራዋ ባጭሩ ይሄ ነው፦ ዘራቸውን እንደ ባቄላ በሰገባ የሚይዙትን ሁሉ፣ ከግራር እስከ ባቢሌ ለውዝ፣ በአበባቸው ብናኝ መለየት። ቅጠል ሳታይ፣ እሾህ ሳታይ፣ ብናኙን ብቻ ማይክሮስኮፕ ሥር አድርጋ «ይሄ እገሌ ነው» ማለት። ፈርሃን አማካሪዋ ነው። ውጭ ተምሮ የመጣ የጅጅጋ ልጅ። ረጅም። ሲስቅ ሰው ሁሉ አብሮት ይስቃል። እኔም አንድ ቀን አብሬው ስቄ፣ ቤት ስገባ በራሴ ተናደድኩ።

አበባውን የምታደርቀው በጋዜጣ መሃል ተጭና ነው። ጋዜጣ ደግሞ ከጅጅጋ ከጠፋ ቆየ። ስለዚህ ከሚያዝያ ጀምሮ የኔን የታረሙ የፈተና ወረቀቶች ትወስዳለች፣ ተማሪ የማይፈልጋቸውን። ለትምህርቷ ያዋጣሁት እሱን ብቻ ነው። ፈርሃን መኪና፣ እኔ የወዳቂ ተማሪ ወረቀት።

ሰኔ 8፣ ሐሙስ፣ ጧት

ትናንት ራት ላይ የግራር ትምህርት ተሰጠኝ። እኔ እዚህ ከተማ ተወልጄ፣ አያቴ በወታደርነት መጥተው እዚሁ ቀርተው፣ ዕድሜዬን ሙሉ ግራር ስል ነው የኖርኩት። አንድ ቃል። በቂ ቃል። ራ. አሁን ግራር አትልም። ቁዳዕ ትላለች። ገሎል፣ ቢልዒል፣ ዓዳድ። ሶማሊ ለያንዳንዱ ስም አለው፣ ፈርሃን ነው ያስተማረኝ አለች። ዓይኗ ያበራል። ሽሮው ቀዘቀዘ።

የግራሮቹ ብናኝ ለብቻው አይቆምም አለች። እርስ በርስ ይጣበቅና እንደ ካልሲ ኳስ ይድቦለቦላል። የሌሎቹ፣ የነባቄላ፣ የነለውዝ፣ ብቻ ብቻውን ነው። ጨው ላይ በጣቷ ሣለችልኝ። እኔስ የትኛው ነኝ ብዬ ጠየቅኳት። ቀልድ መሰላት።

አንድ ነገር ልንገርህ። ለማስተርሱ ሁለታችንም ነበርን ያመለከትነው። የሷ ስም ወጣ። አቀፍኳት፣ እሰይ አልኩ፣ ለጎረቤት ለስላሳ ጋበዝኩ። ያን ዕለት ሆዴ የገባው ነገር ግን እስከ ዛሬ አልወጣም። ለሰው አልተናገርኩትም። ላንተ የምነግርህ ስለማትመልስ ነው።

ሰኔ 10፣ ቅዳሜ፣ ጧት

ደምበል፣ ከጅጅጋ ወዲያ ወዳለው የግራር ቆላ፣ ሄደች። አድረው ነው የሚመለሱት። ሁለት ሴት ተማሪዎችም አብረው አሉ። አይቻቸዋለሁ፣ ከኋላ ተቀምጠዋል። ራ. ጋቢና ናት።

ፈርሃን ከመኪና ወርዶ ሰላም አለኝ። መምህር፣ እንዴት አደሩ፣ ቤተሰብ ደህና። እሷን «አንቺ»፣ እኔን «እርስዎ»። እንደ አማቱ። ክረምቱን ድሬዳዋ ይምጡ እንጂ አለኝ፤ እዚያ የአባቱ ቤት አለ፣ ግቢው አሁን በቀይ አበባ ተሸፍኗል፣ ምንጣፍ ይመስላል። ኢንሻአላህ አልኩት። መጨረሻው ኢንሻአላህ ሲሆን ሁለታችንም ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን።

ከሄዱ በኋላ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ከደምበል ወዲያ ያለው መንገድ እያለ እያለ ድሬዳዋ ነው የሚወስደው።

ሰኔ 11፣ እሑድ፣ አመሻሽ

መጣች። አቧራ ለብሳ። አበባ የያዙትን ወረቀቶች በሻርፗ ጠቅልላ እንደ ሕፃን ታቅፋ። አልበላችም። ስለ ግራርም አላወራችም። ሻርፗን ሽቦው ላይ ጣል አድርጋ ጓሮ ወጣችና ስልክ አነሳች።

መስኮቱ ክፍት ነበር። ልሰማ ብዬ አልሄድኩም፤ ውሃ ልጠጣ ነው የሄድኩት። ሁለት ጊዜ ጠጣሁ።

«እባክህ ፈርሃን» አለች፣ በዝግታ። «እሱ ባያውቅ ይሻላል።»

ጨርሳ ስትገባ ምን ሆነሻል አልኳት። ምንም። ደክሞኝ ነው። ፊቷን ታጥባ ጋደም አለች።

እሱ ባያውቅ ይሻላል። እሱ እኔ ነኝ። በዚህ ቤት ሌላ «እሱ» የለም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ እኔ ግን እየጠረጠርኩም ተመንጥሬያለሁ።

ሻርፑ ሽቦው ላይ ይወዛወዛል። ራሷ ናት አንድ ቀን ያለችኝ፦ ሰው የዋለበትን ቦታ ልብሱ ላይ ይዞ ይገባል፣ የሚያነብለት ካገኘ። እኔም የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ማንበብ አያቅተኝም።

ሰኔ 13፣ ማክሰኞ፣ ከሰዓት

ትናንት የሰኔ ሚካኤል። ቤ/ክ ሄጄ ምን እንደጸለይኩ አልነግርህም።

ዛሬ ት/ቤት። የላቦራቶሪው ቁልፍ ፋጡማ ጋ ነው፣ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛዋ። ዓመቱን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ጠይቄያት አላውቅም። ፈተና አልቆ፣ ተማሪ ተበትኖ፣ አሁን ለማን ነው አለችኝ። አቧራ ላይበት ነው አልኩ።

«መምህር፣ የጅጅጋ አቧራ ማይክሮስኮፕ አይፈልግም ወላሂ። በዓይን ይበቃል።»

ከፈተችልኝ ግን። ከፍታም አልሄደችም፣ በሩ ላይ ተቀመጠች።

አሠራሬ ቀላል ነው። ስኮች ፕላስተር ከቤት ደብቄ ያመጣሁት ሻርፕ ላይ ለጥፌ አነሳሁ፣ ስላይድ ላይ ለጠፍኩ። ሦስት ቦታ። ጀርባዬን ለፋጡማ ሰጥቼ፣ ምክንያቱም የሴት ሻርፕ ነው፣ ቢጫ ነው፣ ምንም ማብራሪያ የለኝም።

መጀመሪያ አሸዋ። የጨርቅ ክር። ከዚያ እነሱን አየሁ፣ የካልሲ ኳሶቹን። ግራር! ደምበል ነበረች ማለት ነው። ሳላውቀው ተነፈስኩ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽህም። ልነሳ ስል መስታወቱን ትንሽ ገፋ አደረግኩት።

ሌላ አለ። ብቸኛ። ትልቅ፣ ድብልብል፣ ላዩ እንደ ዓሣ መረብ ዓይኑ የሰፋ። ግራር አይደለም። አንድ ብቻ ቢሆን ነፋስ ነው ባልኩ። ብዙ ነው። በሦስቱም ስላይድ አለ።

ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር።

ፋጡማ ምን ጠፋብህ አለችኝ። ምንም አልኳት። የራ. መልስ ነው፣ ተዋስኩት።

ሰኔ 15፣ ሐሙስ፣ ጧት

አገኘሁት።

ራ. ዩኒቨርሲቲው ላብ ስትሄድ የጽሑፏ ረቂቅ ጠረጴዛው ላይ ነበር። መለያ መንገዱን በጥያቄ በጥያቄ አስቀምጣዋለች፤ አንዱን ስትመልስ ወደሚቀጥለው ይመራሃል። የተማሪ መማሪያ እንዲህ ቢጻፍ ግማሹ ክፍል ባልወደቀ። ብናኙ የተጣበቀ ነው ወይስ ብቸኛ? ብቸኛ። ትንሽ ነው ወይስ ትልቅ? ትልቅ። ላዩ ልሙጥ ነው ወይስ መረብ? መረብ። የመረቡ ዓይን ጠባብ ነው ወይስ ሰፊ?

ሰፊ።

መጨረሻው አንድ የላቲን ስም ነው። ከጎኑ በእጅ ጽሑፏ፦ የድሬዳዋ ዛፍ፤ ሰው የተከለው፣ ከጥናቱ ውጭ፣ ለማነጻጸሪያ ብቻ።

ድሬዳዋ! ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። በገዛ መለያዋ ለየኋት። ደምበል ደርሳለች፣ ልክ ነው፣ ግራሩ ይመሰክራል። ከደምበል ግን አልተመለሰችም፣ አለፈች። ቀይ አበባ እንደ ምንጣፍ የተነጠፈበት ግቢ። በራሱ አፍ ነው የነገረኝ።

ዛፉ በስሙ የድሬዳዋ ይባል እንጂ የትም አለ ልትለኝ ነው። አውቃለሁ። እዚህም አለ፣ ት/ቤታችን ግቢም አለ። ራ. ግን ዘንድሮ ት/ቤታችንን ረግጣው አታውቅም። ከላብ ቤት፣ ከቤት መስክ። ይሄን ሁሉ አስቤበታለሁ፣ ሞኝ አይደለሁም።

ስላይዶቹን የጠመኔ ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኳቸው። ጻፍኩባቸው፦ ሻርፕ፣ ሰኔ 13። ማስረጃ ቀን ይፈልጋል።

ሰኔ 21፣ ረቡዕ፣ ዓረፋ

ፈርሃን ምሳ ጠራን። መቅረት አልቻልኩም፤ ከቀረሁ ብቻዋን ልትሄድ ነው።

ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ሚስቱ ዘይነብ በር ላይ ተቀብላ ራ.ን ሳመቻት። ደግ ሴት ናት። ሚስት መኖሩ እንዲያጽናናኝ ፈልጌ ነበር፤ አላጽናናኝም። ለኛ ለብቻችን ትሪ መጣ። ባሪስ፣ የሶማሌ ሩዝ፣ በዘይት ብቻ የተሠራ። ምስር። ተምር። ሥጋው ወደ ሌላው ወገን አለፈ። ፈርሃን አጠገቤ ተቀምጦ፣ መምህር ይብሉ፣ ቅቤም የለበትም፣ ረቡዕ መሆኑን አልረሳንም አለኝ።

የእስላም ሥጋ እንደማንበላ ማንም ያውቃል፣ አብረን አድገናል። ረቡዕ ጾም መሆኑን፣ ራ. ደግሞ ቅቤ የነካው ድስት እንኳ እንደማትነካ ግን ማን ነገረው? እኔ ራሴ የዛሬን ረስቼ ጧት ሻይ በወተት ጠጥቻለሁ! እሱ ጾሟን ያውቃል፣ እኔ ባሏ አላውቅም።

ባሪሱ ይጣፍጥ ነበር። ይሄም አናደደኝ።

ሰኔ 23፣ ዓርብ፣ ከሰዓት

ደምበል አንድ ሳምንት እሄዳለሁ አለች። እንደገና ሁሉንም መሰብሰብ አለብኝ፣ አበባው ሳይረግፍ። ለምን እንደገና አልኩ። ባለፈው ያመጣሽውስ? እጇን ታያለች።

አትሄጂም አልኩ። በትዳራችን እንዲህ ብዬያት አላውቅም። ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ።

መሄድ አለብኝ፣ ካልሄድኩ አለቀልኝ አለች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

እንግዲያው ነገ ጧት ት/ቤት እንሂድ፣ የማሳይሽ ነገር አለ አልኳት። ከዚያ ትወስኛለሽ።

ምን እንደምል አዘጋጅቻለሁ። አጭር ነው። አልጮህም።

ሰኔ 24፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት

ከጧቱ ልጀምርልህ።

በባጃጅ ሄድን። ፋጡማ ላቡን ከፈተችና ግቢውን ልትጠርግ ወጣች። ስላይዱን አስቀመጥኩ፣ አስተካከልኩ፣ እይ አልኳት። እጄን አጣምሬ ቆምኩ። ሰው ጥፋቱን ሲያይ ፊቱ ምን እንደሚሆን ለማየት ነው የቆምኩት።

ረጅም ጊዜ አየች። መስታወቱን ገፋች፣ መለሰች። ቀና ስትል ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ትስቃለች ደግሞ።

«የት አገኘኸው?»

የት እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ አልኩ። ያዘጋጀሁት የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር እሱ ነበር። አልሰማችኝም። ክንዴን ይዛ ታወራለች፣ አንዱን ሳትጨርስ ሌላውን። ከግንቦት ጀምሮ ይሄ ብናኝ ስላይዶቿ ሁሉ ውስጥ አለ። ገሎሉ ውስጥ አለ፣ ቢልዒሉ ውስጥ አለ፣ የባቢሌው ለውዝ ውስጥ እንኳ። ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ ከየት እንደሚገባ ነው ያላወቀችው። ፈርሃን እጅሽ ንጹሕ አይደለም ብሎ መለሰባት። ሁሉንም ጣለች። ሄዳ ሰበሰበች። እንደገና ገባ። እንደገና ሄደች። ያ ሁሉ መስክ፣ ያ ሁሉ ደምበል፣ ለዚህ ነው። ዘንድሮ ካልተስተካከለ ከትምህርቱ ልትሰናበት ነው። ውሃውን መረመረች፣ ማቅለሚያውን ቀየረች፣ የላቡን መስኮት በፕላስተር አሸገች። የገዛ እጇን መጠራጠር ጀምራ ነበር።

ከሻርፕሽ ላይ ነው አልኩ።

ሻርፗን አወለቀችና አየችው። በሱ ምን እንደምትጠቀልል አሰበች መሰለኝ፤ ከዚያ ቀስ ብላ በሩን ከፍታ ወጣች። ተከተልኳት። ግቢው መሃል ቆማ ቀና አለች።

ዛፉ እንዳለ ቀይ ነው። ከሥሩ ወንበሬ አለ። ጠረጴዛዬ አለ። የ9ኛ «ለ» ፈተና ድንጋይ ተጭኖበት አለ፣ ላዩ ላይ አበባ ወድቆበት። ፋጡማ ቀዩን ጠርጋ ጠርጋ ከምራዋለች።

«እዚህ ነው የምታርመው?»

አዎ አልኩ።

አንዱን ወረቀት አንስታ ስኮች ለጥፋበት ወደ ውስጥ ገባች። አጎንብሳ አየች። ከዚያ ወንበሩን ለቀቀችልኝ። አየሁ። የዓሣ መረብ። ሰፊ ዓይን። ወረቀቱን ሞልቶታል።

ድሬዳዋ የሄደ ሰው የለም። ብናኙ ከኔ ጠረጴዛ ተነስቶ፣ በኔ የፈተና ወረቀት ላይ ሆኖ፣ አበባዋ መሃል ገብቶ፣ ሻርፗ ላይ ወጥቶ፣ እኔው ጋ ተመለሰ። ከፈርሃን ጋር ወዲያ ወዲህ ያንከራተታት የኔ ወረቀት ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል፤ የኛ ደግሞ ድሬዳዋ ተመታ።

ሳቋ አላለቀም ነበር። ስላይዶቹን ልትሰበስብ ሳጥኑን አነሳች። ጽሑፌን አየች። ሻርፕ፣ ሰኔ 13። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። ሳቋ ፊቷ ላይ ትንሽ ቆይቶ ጠፋ።

«ከሻርፔ ላይ ምን ስትፈልግ ነበር?»

የማይክሮስኮፑን ሽፋን አንስቼ ማልበስ ጀመርኩ። ፋጡማ ውጭ ትጠርጋለች። ራ. ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ ሻርፗን ተከናንባ፣ ብቻዋን በባጃጅ ሄደች።

ሰኔ 25፣ እሑድ፣ ጧት

ቤ/ክ አብረን ሄድን፣ እሷ በሴቶች በኩል፣ እኔ በወንዶች። ስንመለስ መንገድ ላይ ጠየቅኳት። ይሄ ሁሉ ሲሆን ለምን አልነገርሽኝም?

«ደስ ይልህ ነበራ» አለች።

ነፋሱ አቧራውን ፊታችን ላይ ያመጣዋል። ሻርፗን አፏ ላይ ከለለች። እኔ የምከልለው አልነበረኝም።

አላስተባበልኩም። ከዚያ ሁሉ ጎረቤት፣ ከዚያ ሁሉ ለስላሳ ጀርባ አይታኛለች። ስታውቅ ነው የኖረችው። የቀናሁት በፈርሃን መስሎኝ ነበር። እሱ ኋላ የመጣ ሰው ነው፤ እኔ የቀናሁት በሷው ነው፣ ስሟ ከወጣ ቀን ጀምሮ።

የሻርፑን ጥያቄ አልደገመችውም።

ሰኔ 29፣ ሐሙስ፣ ከሰዓት

ፈርሃን ቤት መጣ። ሐብሐብ ይዞ። ገና በሩ ላይ እጄን በሁለት እጁ ያዘ።

መምህር፣ አዳኑን አለኝ። የድሬዳዋ ዛፍ ጥናቱ ውስጥ ስለሌለ፣ ከየት እንደገባም ስለታወቀ፣ ተለይቶ ይወጣል፤ አብዛኛው ስላይድ ተርፏል። ገሎል ብቻ በንጹሕ ወረቀት እንደገና ይሰብሰብ። ሳምንት የነበረው ሦስት ቀን ሆነ። እጅሽ ንጹሕ አይደለም በማለቱ እፊቴ ይቅርታ ጠየቃት። እሷም ቤት ሆኖ ሥራዋን በጭንቀት ሲከታተል የነበረ ባል እንዳላት ነግራዋለች። ጭንቀቷን አይቶ፣ ሳይነግራት፣ ራሱ መመርመር ጀመረ ብላዋለች።

አየኋት። ሐብሐብ ትቆርጣለች። ቀና አላለችም።

እኔም ምስጋናውን ከሐብሐቡ ጋር ዋጥኩት። ፈርሃን ለዘይነብ እንዳንተ ዓይነት ባል አልሆንኳትም ብሎ ሳቀ። ለመጀመሪያ ጊዜ «አንተ» አለኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ሌላ ነገር ያዘኝ። ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ቅናት። በዚያ ባል ቀናሁ። ለሚስቱ ብሎ ማይክሮስኮፕ ላይ ባጎነበሰው። ራ. ፈጥራ ባወራችለት። ምነው እሱን በሆንኩ።

ሐምሌ 3፣ ሰኞ፣ ጧት

ደምበል ዛሬ ነው። ንጹሕ ወረቀት ከስቴሽነሪ ገዝቼ አመጣሁላት፣ ያልተነካ፣ በላስቲኩ እንዳለ። አመሰገነችኝ፣ እንደ ባለሱቅ።

ሻይ ስጠጣ አንድ ገጽ ፊቴ አስቀመጠች። የጽሑፏ የምስጋና ገጽ። ኋላ ትተረጉመዋለች፣ መጀመሪያ ግን በአማርኛ ነው የጻፈችው። ፈርሃን አለ። ላቡ አለ። ደምበል ውሃ የሰጧቸው ሴትዮ አሉ። መጨረሻው ላይ፦ «ለባለቤቴ፣ የብክለቱን ምንጭ በትዕግሥት መርምሮ ላገኘልኝ።»

ቀይ እስክሪብቶዬን ገጹ ላይ አደረገችው።

«ስሕተት ካለው አርመው። አራሚ አንተ ነህ።»

ሻንጣዋን ልታዘጋጅ ገባች።

ይቅርታ ነው? ቢላ ነው? አሥር ጊዜ አነበብኩት። ብተወው ይታተማል። ይጠረዛል፣ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፣ እኔ ስሞትም ያ ታጋሽ ባል እዚያ ይኖራል። ማንም አይጠይቅም። እሷም ሁለተኛ አትጠይቅም፤ የሚያስፈራኝ እሱ ነው። አንድ ጊዜ ጠየቀች፣ መልስ አላገኘችም፣ አሁን መልሱን ራሷ ሠርታ ሰጠችኝ። ብወስደው ሰላም ነው። ቤቱ ውስጥ ሦስት ሆነን እንኖራለን፣ እሷ፣ እኔና ያ ሰውዬ።

የፒክአፑ ድምፅ። መጣ።

ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ስሕተት አርሜያለሁ። አንድ ቃል ነው። «በትዕግሥት» የሚለውን ሰረዝኩት። በላዩ በቀይ «በቅናት» ብዬ ጻፍኩ። ዓረፍተ ነገሩ አልተበላሸም፤ ሰዋስው ልክ ነው። በቅናት መርምሮ ላገኘልኝ። ገጹን አጥፌ ስታልፍ ሰጠኋት። መኪና ውስጥ አንብቢው ልል ስል በሩን ወጥታለች።

አሁን ከመስኮቱ አያታለሁ። መኪናው ጋ አልደረሰችም። ግቢው መሃል ቆማ ገልጣዋለች። ፈርሃን ጥሩንባውን ነፋ። ቀና አላለችም። ሻርፗ ይወዛወዛል። ደግሞ ነፋ። እጇን አነሳችለት፣ ቆይ ነው የምትለው ወይስ ሂድ፣ አልገባኝም። ዞረች። ወደ ቤት እየመጣች ነው፣ ገጹ በእጇ።